«እስከ ዓርብ» ለማለት «ባይ» ነው ወይስ «አንቲል»?

ጥያቄ፦ ሪፖርቱን እስከ ዓርብ አጠናቅቄ እንደማስረክብ ለአለቃዬ በእንግሊዝኛ ስጽፍ «አይ ዊል ፊኒሽ ዘ ሪፖርት አንቲል ፍራይዴይ» ብዬ ነበር። እርሳቸው «አንቲል»ን ሰርዘው «ባይ» አሉበት። እኔ «ባይ» አንድ ሥራ በማን እንደተሠራ ብቻ የሚያመለክት ይመስለኝ ነበር። ልዩነቱን ብታብራሩልኝ?

መልስ፦ አለቃዎ ልክ ናቸው። ያሳሳትዎት የራሳችን «እስከ» ነው። «እስከ ዓርብ እሠራለሁ» ስንልም «እስከ ዓርብ አስረክባለሁ» ስንልም መስተዋድዱ ያው ነው፤ የመጀመሪያው እየቀጠለ የሚዘልቅ፣ ሁለተኛው ግን አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ ድርጊት መሆኑን የምናውቀው ከግሱ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሚዘልቀው «አንቲል»ን፣ ከተባለው ቀን ሳያልፍ ለሚፈጸመው «ባይ»ን ለይቶ ያስቀምጣል። የ«ባይ» ጥንታዊ ትርጉም «አጠገብ» ሲሆን፣ ዛሬም «ባይ ዘ ዊንዶው» ሲባል መስኮቱ አጠገብ ማለት ነው።

ሲጠራጠሩ በአማርኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ቢዘገይ» የሚለውን ቃል አስገብተው ይሞክሩት። «ቢዘገይ እስከ ዓርብ አስረክባለሁ» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ባይ» ነው። «ቢዘገይ እስከ ማታ እዚህ ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ» ግን ጆሮ ይጎረብጣል፤ እዚህ ላይ የሚገባው «አንቲል» ነው።

ነገሩ የሚጠልፈው በአሉታ ሲነገር ነው። «አይ ዎንት ፊኒሽ አንቲል ፍራይዴይ» ፍጹም ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው፤ ምክንያቱም አለመጨረስ ራሱ እስከ ዓርብ የሚዘልቅ ሁኔታ ስለሆነ፣ ትርጉሙ «ከዓርብ በፊት አልጨርስም፤ ያን ዕለት ግን እጨርሳለሁ» ይሆናል። በ«ባይ» ከተተካ ግን ዓርብ አልፎም ሥራው ገና እንደሚቀር ለአለቃዎ እያስታወቁ ነው። የአንዲት ቃል ለውጥ ተስፋውን ወደ መርዶ ይቀይረዋል።

ከግስ ጋር ሙሉ ሐረግ ሲከተል «ባይ» ብቻውን አይቆምም። «እስክትመጣ እጨርሳለሁ» ለማለት «ባይ ዘ ታይም ሺ ካምስ» ይባላል፤ «እስክትመጣ እጠብቃለሁ» ለማለት ደግሞ «አንቲል ሺ ካምስ» ይበቃል።

ዓርብ ራሱ ይቆጠራል ወይ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። በተለመደው አነጋገር «ባይ ፍራይዴይ» ዓርብን ይጨምራል፤ «ቢፎር ፍራይዴይ» ከተባለ ግን የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነው። ውል አርቃቂዎች ክርክር እንዳይነሳባቸው «ኦን ኦር ቢፎር» ብለው የሚጽፉትም ዕለቱ ራሱ መካተቱን በማያሻማ ሁኔታ ለማሳየት ነው።