54 ዓመት በአንድ ገጸ ባህሪ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ እናት ሆኜ መተወን ከጀመርኩ አራት ዓመት ሞላኝ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ መተዳደሪያዬም እሱ ነው። ጓደኞቼ ግን «ቶሎ ካልወጣሽ እዚያው ትቀሪያለሽ፣ ችሎታሽም ይዝጋል» እያሉ ያስጨንቁኛል። መንገድ ላይ እንኳ ሰው የሚጠራኝ በገጸ ባህሪዋ ስም ነው። ዕድሜውን በአንድ ገጸ ባህሪ የገፋ፣ ሙያው ግን ያልሞተበት ተዋናይ ያውቃሉ?
ግራ የገባት ተዋናይት

መልስ፦ አውቃለሁ ልጄ። ሄለን ዋግነር ትባላለች። አሜሪካዊት ናት፤ በ1918 ለበክ፣ ቴክሳስ ተወለደች። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» በሚባለው፣ ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ድራማ ላይ ናንሲ ሂዩዝን ሆና የጀመረችው በ1956 ነው። በመካከል ወጥታ የተመለሰችበት ጊዜ ቢኖርም፣ ከናንሲ ጋር እስከ 2010 ዘልቃለች። በዚህም ስሟ ጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ድራማው ኤፕሪል 2 ቀን 1956 ሲጀምር የመጀመሪያውን ቃል የተናገረችው እሷ ናት። ባሏን «እንደምን አደርክ፣ ውዴ» አለችው። በቃ፣ አጀማመሩ ይኸው ነው። ያኔ የቀን ድራማዎች 15 ደቂቃ ነበሩ፤ ይሄኛው በግማሽ ሰዓት መጣ። ደራሲዋ ኢርና ፊሊፕስ ሰዎች ተረጋግተው የሚያወሩበት ጊዜ ፈልጋ ነበር።

ስለ ሄለን ሲወራ ሁልጊዜ የምትነሳ አንዲት ታሪክ አለች። ገና በጅምሩ ፊሊፕስ ከሥራ አሰናበተቻት፤ ሰበቡ «ቡና አቀዳዷ አላማረኝም» የሚል ነበር ይባላል። በኋላ ተመለሰች። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት መድረክ ላይ ስለሠራሁ ነገሩ ይገባኛል። እናት ሆነሽ ስትተውኚ ተመልካቹ እጅሽን ያያል። ስኒውን እንዴት እንደምታነሺ፣ ልጅሽ ሲያወራ ፊትሽ ምን እንደሚሆን ያያል። እነዚያን ካላመነሽ፣ በኋላ ብታለቅሺም አብሮሽ አያለቅስም።

ሌላም ነገር አለ። ያ ድራማ እስከ 1975 ድረስ በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው፤ በሳምንት አምስት ቀን። ቃል ቢጠፋሽ «ቁረጡት፣ እንደገና» ብሎ ነገር የለም።

ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ከቀትር በኋላ የሆነውን ልንገርሽ። ሄለን የባሏን አባት ሆኖ ከሚሠራው ከሳንቶስ ኦርቴጋ ጋር በቀጥታ ስርጭት ላይ ናት። ልጇ ቦብ የተፋታትን ሚስቱን ለምስጋና በዓል ማዕድ እንደጋበዛት ለሽማግሌው እያወራችለት ነው። ድንገት ምስሉ ጠፋና የጣቢያው ዜና አንባቢ የዋልተር ክሮንካይት ድምፅ ገባ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ ተተኩሶባቸዋል። ካሜራ ገና ስላልተዘጋጀ የተሰማው ድምፁ ብቻ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ተዋናዮች ግን ይህን አላወቁም። ማንም በማያያቸው ሰዓት ትወናቸውን ቀጠሉ። ቅጂውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ከመቋረጡ በፊት ያለችውን ትንሽ ክፍል ፈልገሽ እያት። ሁለት ሰዎች ስለ ቤተሰባቸው ያወራሉ፣ ሌላ ምንም የለም። ለኔ ግን ትልቅ ትወና ነው።

አሁን ወደ ዝገቱ እንምጣ። ሄለን ስትጀምር 37 ዓመቷ ነበር። ናንሲም አብራት አረጀች። ባሏን ክሪስን ሆኖ ይሠራ የነበረው ዶን ማክላውሊን በ1986 ሲሞት፣ ድራማው ውስጥም ክሪስ ሞተ፤ ናንሲ መበለት ሆነች። አስቢው፣ ሰላሳ ዓመት አብሯት የሠራውን ሰው ነው ካሜራ ፊት የቀበረችው። ከዚያ ደራሲዎቹ ዳን ማክሎስኪ ከሚባል ሰው ጋር እንደገና ዳሯት፤ እሱም አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ያዘው፣ አስታማሚ ሆነች። ሚስት፣ እናት፣ አያት፣ መበለት፣ እንደገና ሙሽራ፣ አስታማሚ። ስሙ አንድ ነው እንጂ ሥራው አንድ አልነበረም። በ2004 ኤሚ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የዕድሜ ዘመን ሽልማት ሲሰጣት የተገባት ነበር።

ስለዚህ ያንቺ ጥያቄ «አራት ዓመት በዛ ወይ?» አይመስለኝም። ዘንድሮ የሰጡሽን ትዕይንቶች ከመጀመሪያው ዓመት ጋር አስተያያቸው። ሴትየዋ ተለውጣለች? አዲስ ነገር ገጥሟታል? ከሆነ ቆዪ፣ ጓደኞችሽን አትስሚ። አራት ዓመት ሙሉ በር ከፍተሽ «ልጄ፣ ምን ሆንክ?» ብቻ እያልሽ ከሆነ ግን ደራሲውን ሄደሽ አናግሪው። ሳትፈሪ፣ ሁለት ሦስት ሐሳብ ይዘሽ ሂጂ። ፊት ከነሳሽ ያኔ ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። በገጸ ባህሪዋ ስም የሚጠሩሽን ደግሞ ዞረሽ ሰላም በያቸው፤ አምነውሽ ነው።

ሄለን ሜይ 1 ቀን 2010 በ91 ዓመቷ አረፈች። ድራማው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 17 አበቃ። የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ከ1960 ጀምሮ ልጇን ቦብን ሆኖ የሠራው ዶን ሄስቲንግስ ነው። «ደህና እደሩ» አለ።