ገመዱን ተዉት፣ በሩን የዘጋው ዊንዶውስ ነው

ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት አንባቢ የጻፉልኝን ላሳጥረው። ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር አለ። ዴስክቶፑ ዊንዶውስ 10፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11። ባለቤታቸው የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራሉ። 300 ጊጋባይት የሚሆን ቀረጻ ከዴስክቶፑ ወደ ላፕቶፑ መሻገር አለበት። በፍላሽ ማመላለሱ ሲሰለቻቸው ሁለቱን በአንድ የኔትወርክ ገመድ ፊት ለፊት አገናኟቸው። ከዴስክቶፑ ላፕቶፑን ፒንግ ሲያደርጉት ("አለህ?" ብለው በኔትወርኩ ሲጠሩት) ይመልሳል። ከላፕቶፑ ዴስክቶፑን ሲጠሩት ግን ዝም። ከዴስክቶፑ ሆነው የላፕቶፑን ፎልደር ሊከፍቱ ሲሉ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል። ጠዋት ጠዋት ላፕቶፑን የሚከፍቱባትን ባለአራት አሃዝ ቁጥር ሲያስገቡ ደግሞ አይቀበልም። ባለሙያ መጣና ገመድ ቀየረ። አልሆነም። ሌላ ገመድ ሸጠላቸው። "ላፕቶፑ ላይ የሆነ ነገር አጠፋ፣ የሆነ ነገር ደግሞ አበራ" ይላሉ። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ አንድ መስመር ጨምረዋል፦ "የዴስክቶፑን ብረት ስነካው ይነዝረኛል። ከዚህ ጋር ይያያዛል?"

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አይያያዝም። ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ፓወር ሳፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን) ውስጥ ያሉት ማጣሪያዎች ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ኤርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት ወደሚወስደው ሽቦ፣ ይልካሉ። ሶኬቱ ኤርዝ ከሌለው ያ ኤሌክትሪክ መሄጃ ያጣና ብረቱ ላይ ይቀመጣል፤ ሲነኩት በእርስዎ ጣት ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ይነዝራል እንጂ አይጥልም። ነገር ግን ነገ ፓወር ሳፕላዩ ተበላሽቶ ሙሉው 220 ቮልት ብረቱ ላይ ቢወጣ የሚያስቆመው የለም። ስለዚህ ገመድ ከመሰካትዎም ከመንቀልዎም በፊት ዴስክቶፑን ከሶኬት ይንቀሉት። በቁልፉ ማጥፋት አይበቃም። ኤሌክትሪሻን ይጥሩና ሶኬቱን ያስፈትሹ፣ ማከፋፈያውንም ጭምር። ሦስት ቀዳዳ አለው ማለት ኤርዝ አለው ማለት አይደለም፤ ስንቱን ፈትቼ ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ አግኝቻለሁ። ከተሸጡልዎ ገመዶች ጫፉ ብረት የለበሰ ካለ ደግሞ ለጊዜው ያስቀምጡት። በሽፋኑ በኩል የሁለቱን ኮምፒውተሮች ብረት ሊያገናኝ ይችላል፣ የዴስክቶፑ ንዝረት ላፕቶፑ ላይ ይመጣብዎታል።

አሁን ወደ ፋይሉ። ፒንግ በአንድ በኩል ይመልሳል ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ፒንግ ደርሶ መልስ ነው። ሄዶ ከመጣ ገመዱ ወስዶታል፣ መልሶታልም። ታዲያ ሁለቴ ገመድ መቀየር ምን የሚሉት ነው? ራሱን ላመመው ሰው ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ጥርጣሬዬን ልንገርዎት። ያ ባለሙያ ላፕቶፑ ላይ ያጠፋው ፋየርዎሉን፣ ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያግደውን ዘበኛ ነው። ለዚህ ነው ላፕቶፑ የሚመልሰው። የዴስክቶፑ ፋየርዎል አልተነካም፣ ስለዚህ ዝም ይላል። ያበራው ደግሞ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አሮጌ የፋይል መጋሪያ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ የማያውቁት ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ እሱ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 እርስ በርስ ለመነጋገር ጨርሶ አያስፈልጋቸውም። እንደ ኤክስፒ ያለ አሮጌ ማሽን ከሌለ ጥቅም የለውም። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ ቀዳዳ ነው። "ዊንዶውስ ፊቸርስ" ውስጥ ይግቡና ኤስኤምቢ 1 ላይ ምልክት ካለ ያንሱት። ፋየርዎሉንም መልሰው ያብሩት። አዎ፣ ሲያበሩት ላፕቶፑም ዝም ይላል። ይበል።

ለምን ዝም እንደሚል ሳልነግርዎት አላልፍም። ፒያሳ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ደንበኛ ማሽኑ እስኪጫን ሲጠብቅ የማወራለት ይህቺኑ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚፈለገው በቁጥር አይደለም። "ጊዮርጊስን አልፈህ፣ ቁልቁል ወርደህ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ" ነው። ምልክት ከሌለ እንግዳው ይጠፋል። ዊንዶውስም እንደዚያው ነው። አንድ ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ "የት ሰፈር ነኝ?" ብሎ ምልክት ይፈልጋል። ምልክቱ ጌትዌዩ ነው፤ ወደ ውጭ የሚያወጣው ዕቃ፣ ቤትዎ ያለችው የዋይፋይ ሳጥን። እያንዳንዱ የኔትወርክ ዕቃ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ ማክ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው። ዊንዶውስ የጌትዌዩን ማክ ያይና "አሃ፣ ይኼ ቤታችን ነው፣ ባለፈው ፕራይቬት በለው ተብያለሁ" ብሎ ፋየርዎሉን ላላ ያደርጋል። አራት ኪሎ ካፌ ይዘውት ሲገቡ ሌላ ማክ ያያል። "ይህን ሰፈር አላውቀውም" ይልና ፐብሊክ አድርጎ በሩን ይዘጋል። እስካሁን ጥሩ ነው፣ ዘበኛ እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

ሁለት ኮምፒውተር በገመድ ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን ጌትዌይ የለም። ወደ ውጭ የሚያወጣ መንገድ የለማ! ጊዮርጊስም የለ፣ ዳቦ ቤትም የለ። ዊንዶውስ ዞር ዞር ብሎ ያይና "የማይታወቅ ኔትወርክ" ብሎ ይጽፋል፣ ፐብሊክ ውስጥ ይከተዋል። ፐብሊክ ላይ ፒንግ አይመልስም፣ ፎልደርም አያሳይም። እርስዎ ያንን ጽሑፍ አይተው ገመድ ተበላሸ ይላሉ። ገመዱ ደኅና ነው። ዊንዶውስ ሰፈር ጠፍቶት ነው። ፋየርዎል አጥፍቶ "ተሠራ" የሚል ሰው የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። ላፕቶፑ ካፌ ሲሄድም ያው እንደ ጠፋ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ላለች ችግር የዘበኛውን ሥራ የትም እንዳይሠራ አድርጎ ሄደ ማለት ነው።

መፍትሔው ምልክት መስጠት ነው። አንዱ ለሌላው ጌትዌይ ይሁን። ዴስክቶፑ ላይ የኢተርኔቱን የአይፒ ቨርዥን 4 ቅንብር ከፍተው አይፒውን (የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ) 192.168.50.1፣ ሰብኔት ማስኩን 255.255.255.0፣ ጌትዌዩን 192.168.50.2 ያድርጉ። ላፕቶፑ ላይ የተገላቢጦሽ፦ አይፒው 192.168.50.2፣ ጌትዌዩ 192.168.50.1፣ ማስኩ ያው። ዲኤንኤሱን ባዶ ይተዉት። 50 ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የቤት ዋይፋይ ብዙ ጊዜ 192.168.1 ወይም 192.168.0 ላይ ነው፤ ገመዱንም እዚያው ካደረጉት ላፕቶፑ በየትኛው በኩል እንደሚልክ ግራ ይገባዋል።

አንድ ጣጣ አለው። ጌትዌይ ስለሰጠነው ላፕቶፑ ኢንተርኔትንም በገመዱ በኩል ሊፈልግ ይሄዳል፣ ዋይፋዩ እያለ ኢንተርኔት ይጠፋብዎታል። እዚያው "አድቫንስድ" የሚለውን ይጫኑና ከታች "አውቶማቲክ ሜትሪክ" ላይ ያለውን ምልክት አንስተው 500 ይጻፉ። ያኔ ዋይፋዩ ይቀድማል።

ሁለቱም በርተው ትንሽ ሲቆዩ "የማይታወቅ" የሚለው ይጠፋል። ሴቲንግ ውስጥ ኢተርኔቱን ተጭነው ፕራይቬት ያድርጉት፣ ሁለቱም ላይ። በሼሪንግ ቅንብሩም ፕራይቬት ስር የፋይልና የፕሪንተር ሼሪንጉን ያብሩ። ከዚያ ከሁለቱም በኩል ፒንግ ያድርጉ። ፋየርዎሉ በርቶ ሁለቱም ይመልሳሉ። "ኔትወርክ" የሚለው መስኮት ውስጥ የላፕቶፑ ስም ባይመጣ አይጨነቁ፣ እሱ እንደ ስሜቱ ነው። የፋይል ኤክስፕሎረር አድራሻ መጻፊያ ላይ \\192.168.50.2 ብለው ይግቡ።

ፓስወርዱ ጋ መጣን። ያቺ ባለአራት አሃዝ ቁጥር ፓስወርድ አይደለችም፣ ፒን ናት። ፒን የምትሠራው እዚያው ማሽን ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው፤ በገመድ አትሻገርም። ፓስወርድ የሌለው አካውንትም አያዋጣም፣ ዊንዶውስ በባዶ ፓስወርድ በኔትወርክ አያስገባም። ቀላሉ ላፕቶፑ ላይ አንድ ሎካል አካውንት ከነፓስወርዱ መፍጠር ነው። ዴስክቶፑ ሲጠይቅዎ የላፕቶፑን ስም፣ ከዚያ ያቺኑ \ ምልክት፣ ከዚያ የአካውንቱን ስም ይጻፉ። ቀደም ሲል "አስታውሰው" ብለውት ከነበረ ዊንዶውስ ፓስወርዶችን የሚያስቀምጥበት ክሬደንሺያል ማናጀር ውስጥ ገብተው የድሮውን ያጥፉት፣ አለዚያ ያንኑ ስህተት እየደጋገመ ይልካል። የፎልደሩ ፈቃድ ደግሞ ሁለት ቦታ ነው፦ ሼሪንግ የሚለው ውስጥና ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥ። ሁለቱም ላይ ለአዲሱ አካውንት የመጻፍ ፈቃድ ይስጡ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሚያሸንፈው ጠበቅ ያለው ነው።

ኮፒው ሲጀምር ፍጥነቱን ይዩልኝ። በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ከሆነ 300 ጊጋባይቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። 11 ላይ ከተጣበቀ ግን ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ገመድ የሚጠረጠረው ያኔ ነው። ጊጋቢት የሚባለው ፈጣኑ ግንኙነት ገመዱ ውስጥ ያሉትን ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፤ አንዱ ሳይነካ ሲቀር ካርዶቹ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዱና በአራቱ ብቻ ይሠራሉ።

የገበያው ገመድ ደግሞ ጉድ ነው። በቀደም አንዱ "ካት 6" የተጻፈበት ይዞልኝ መጣ። ጫፉን ቆርጬ አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አደረግኳት። ላይዋ ቀላ ያለ፣ ከስሩ ነጭ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም! ሁለት ሦስቴ ሳጥፋት ቀጭ አለች። የጫፍ አገጣጠሙም ሌላ ራስ ምታት ነው። አንዳንዱ ጥንድ ጥንዱን እንደመጣ ከ1 እስከ 8 ይደረድረዋል። የገመድ መሞከሪያዋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ስምንቱንም መብራት ታበራለታለች፣ እሱም ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል። 3ኛውና 6ኛው ከአንድ ጥንድ መሆን እንዳለባቸው ግን መሞከሪያዋ አታውቅም። ፋይል ማለፍ ሲጀምር ነው የሚታወቀው። ደግሞ "ክሮስ ገመድ (በአንዱ ጫፍ ሽቦዎቹ የተቀያየሩበት) ያስፈልጋል" ብሎ ሦስተኛ ሊሸጥልዎ ከመጣ ይሸኙት። የጊጋቢት ካርዶች ያንን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ሰርግ ድጋሚ አይቀረጽምና ኮፒ እንጂ ከት አያድርጉ። መብራት መሀል ላይ ቢሄድ ዋናው ዴስክቶፑ ላይ ይቀራል። ላፕቶፑም መሀል ላይ እንዳይተኛ ስሊፑን ያጥፉት። ይህን ሁሉ አድርገው ፎልደሩ አሁንም እምቢ ካለ የሚወጣውን የስህተት ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ገመዱን ነቅለው መሰካት ካማረዎት ግን መጀመሪያ ዴስክቶፑን ከሶኬት። ኤሌክትሪሻኑ መጥቶ ኤርዙን እስኪያይልዎ ድረስ ልጆችም ያንን ብረት እንዳይነኩ።