«ክራሯን ማን ይቃኝላት!» ለተባለችው ተማሪ

ከደብረ ማርቆስ የላክሽውን ደብዳቤና ቅጂ አይቼ ሰምቻለሁ። የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነሽ። በትዝታ ቅኝት ሦስተኛውን ድምፅ 30 ሴንት (አንድ ሴንት በፒያኖ ሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ካለው ርቀት አንድ መቶኛ ነው) አውርደሽ ለክራርና ለላፕቶፕ የስድስት ደቂቃ ሥራ ጽፈሻል። በግቢው የባህል ምሽት ስታቀርቢው አንዱ ከኋላ «ክራሯን ማን ይቃኝላት!» አለና አዳራሹ ሳቀ። አባትሽ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ይሉሻል። አንቺም ትምህርቱን ትተሽ ያሬድ ትምህርት ቤት ልትገቢ አስበሻል፤ «የጎጃም ሰው ማይክሮቶናል አይገባውም» ብለሽም ፈርደሻል፤ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚያርፈውን ድምፅ ማለትሽ ነው።

እህቴ፣ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ማሕሌት ቆሞ ያደረ፣ በገና የሰማ፣ በማሲንቆ የጨፈረ ሰው ድምፅን ፒያኖ በሚቆርጠው ልክ ብቻ አልለመደም። ማሲንቆ ላይ ጣት የሚያቆም መስመር የለም፤ የዜማው ርክርክም በአሥራ ሁለት ቁልፍ አይለካም። እርግጥ የግቢ ተማሪ ጆሮ በኪቦርድ በታጀበ ዘፈን ነው ያደገው። ቢሆንም ያን ምሽት የሳቁብሽ ሰዎች የሰሙት ጉድለት በእርግጥም ነበረ።

በኪቦርድ የትዝታ ሜጀር ሦስተኛ ድምፅ ከመነሻው 400 ሴንት ይርቃል፤ የትዝታ ማይነር 300። ያንቺ 370 ላይ ቆሟል። ጆሮ እንዲህ ያለውን ድምፅ አዲስ ብሎ አይቀበለውም፤ ወደሚያውቀው 400 ጎትቶ «ጎድሏል» ይለዋል። 350 ላይ ብታሳርፊው ግን ከሁለቱም እኩል ይርቅና በራሱ ይቆማል። ራስት በሚባለው የአረቦች ቅኝት (መቃም) ሦስተኛው ድምፅ እዚያው አካባቢ ነው፤ በዚያ ዜማ ያደገ ሰሚ «ፎልስ ነው» አይልም። 386 ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሁለቱ ድምፆች ንዝረት ንጽጽር 5 ለ4 ስለሆነ ከመነሻው ጋር ይረጋል፤ አብዛኛው ሰሚ ጥራቱን እንጂ ልዩነቱን ልብ አይልም።

ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል። ክራሩን አወረድሽ፤ ላፕቶፑ ላይ የዘረጋሽውን ፓድ (ከኋላ ተጎትቶ የሚቆየውን አጃቢ ድምፅ) ግን እንዳለ ተውሽው። መነሻሽን መካከለኛው ዶ ላይ፣ በ261.6 ኸርዝ ብናስቀምጠው፣ ፓዱ ሦስተኛውን ድምፅ፣ «ሚ»ን፣ በ329.6 ይይዛል፤ ክራርሽ በ324 ይመታል። አብረው ሲሰሙ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ። ይህን ማንም ሰው «አልተቃኘም» ይለዋል፤ እኔም እለዋለሁ።

ፓዱን የምታስተካክዪው በፒች ቤንድ (ድምፅን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው የኮምፒውተር ትእዛዝ) ከሆነ፣ ክልሉ ±2 ግማሽ ድምፅ (አንዱ 100 ሴንት ነው) ሲሆን መሀሉ 8192 ነው፤ 50 ሴንት ለማውረድ 6144 ጻፊ። ያው ፋይል ክልሉ ±12 በሆነ መሣሪያ ቢከፈት ግን 50 ሴንቱ ሦስት ሙሉ ግማሽ ድምፅ ይሆንብሻል፤ ስለዚህ ክልሉን ፋይሉ ውስጥ ራሱ አስገቢው። ፒች ቤንድ በአንድ ቻናል ያለውን ድምፅ ሁሉ ስለሚያወርድ ሦስተኛውን ድምፅ የብቻው ቻናል ስጪው። ሰርጅ ኤክስ ቲ የሚባለው ነፃ ሲንተሳይዘር የስካላ ፋይል (የቅኝት ልኮች የሚጻፉበትን ፋይል) ስለሚያነብ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያሳርፍሻል።

ክራሩም የራሱ ጠባይ አለው። ላላ ያለ ክር ጠንከር ብሎ ሲመታ መጀመሪያ ከፍ ይልና ኋላ ይረጋል፤ የቲዩነሩን ቁጥር ከመታሽ ከአንድ ሰከንድ በኋላ አንብቢ። አንዱን ስትወጥሪ ቀንበሩ በጥቂቱ ስለሚጎብጥ ሌሎቹ ይወርዳሉ፤ ስድስቱን ከጨረስሽ በኋላ ከመጀመሪያው ድገሚ። አዲስ ናይለን ክር አስረሽ በማግስቱ መድረክ አትውጪ፤ ገና እየተሳበ ነው።

አሁን ወደ ድርሰቱ ልግባ። ሰሚ አዲስን ድምፅ ከስህተት የሚለየው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ ተመልሶ ሲመጣለት ነው። አንቺ ገና በመጀመሪያው ሐረግ አመጣሽው፤ ከዚያም በመንሸራተት እየገባሽ አለፍሽው። መንሸራተት ጆሮ «ልትደርስበት ፈልጋ ነው» ብሎ እንዲያልፈው ያደርጋል። በፊት መነሻውንና አምስተኛውን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አስተኚላቸው፤ ጆሮ መለኪያ ይይዛል። ከዚያ የታወቀውን ትዝታ በሙሉ ሐረግ፣ በ400ው ድምፅ ተጫወቺ። ያንኑ ሐረግ በ350ው መልሺለት፤ አዲሱ ድምፅ ምቱ ጠንካራ በሆነበት ቦታ ላይ በቀጥታ ይመታ፣ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይቆይ። ሦስት ጊዜ ሳይለወጥ ከተመለሰ በኋላ እንደፈለግሽ አድርጊው። በአንድ ሥራ አንድ አዲስ ድምፅ ይበቃል። (ሁለቱን ልኮች ለማግኘት ስድስት ክር አይበቃሽም፤ ወይ ሁለት ክራር ያዢ ወይ አንዱን ሐረግ ለማሲንቆ ስጪ። ማሲንቆውን እመርጣለሁ።) ከመጫወትሽ በፊት «ይህ ማይክሮቶናል ነው» ብለሽ ንግግር አታድርጊ፤ ሰዉ ስህተት እየጠበቀ ያዳምጣል።

መድረክ ከመውጣትሽ በፊት ምንም ሳትነግሪ ለአምስት ሰው አሰሚና ሐረጉን እንዲያንጎራጉሩልሽ ጠይቂ። ወደ 400 ከመለሱት ድምፁ አልተያዘም፤ ድርሰቱን አስተካክዪ። ራስሽ ያለ ክራር ልታንጎራጉሪው ካልቻልሽ ደግሞ ለማንም አታሰሚው።

ስለ አባትሽ፦ ለሠርግ አዝማሪ ጠርቶ፣ ሸልሞ፣ ጨፍሮ ሲያበቃ አዝማሪነትን ነውር የሚል ሰው ዕዳውን አልከፈለም። የገንዘቡ ስጋታቸው ግን ትክክል ነው፤ በዚህ አትከራከሪያቸው። ቼኩ አሎይስ ሀባ በሩብ ድምፅ የጻፈው ኦፔራ በ1931 ሙኒክ መድረክ ላይ ወጥቷል፤ ይሁን እንጂ በፕራግ የሙዚቃ ትምህርት ቤት (ኮንሰርቫቶሪ) ያስተምር ነበር። ኦክታቭን (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) በ43 የከፈለው አሜሪካዊው ሃሪ ፓርች መሣሪያዎቹን ራሱ ሠራ፤ በ1930ዎቹም ከከተማ ከተማ ሲንከራተት ኖረ። አንቺ ሀባን ምረጪ። ዲግሪሽን ጨርሺ፤ አንድ ዓመት ነው የቀረሽ። ያሬድ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ የትም አይሄድም፤ ከምርቃት በኋላ የመግቢያ ፈተናውን መሞከር ትችያለሽ።

እስከዚያ የምመክርሽ የስቱዲዮ ሥራ ነው፤ እኔ ከዚያ በኩል ስለሆንኩ ወደዚያ ማዘንበሌን ዕወቂልኝ። ብዙ ጊዜ መዝሙርም የባህል ዘፈንም ሲቀዳ ኦቶ ቲዩን የሚባለው ድምፅ አራሚ ሶፍትዌር ተከፍቶ ድምፁ ሁሉ ወደ አሥራ ሁለቱ ቁልፍ ይጎተታል፤ ዘማሪዋ ከበገናው ጋር፣ ዘፋኙ ከማሲንቆው ጋር ይጣላሉ። የትኛውን ድምፅ ማረም፣ የትኛውን መተው እንዳለበት የሚያውቅ ጆሮ ሥራ ያገኛል፤ አንቺ ደግሞ የ30 ሴንት ልዩነት ትሰሚያለሽ። ክረምቱን ባሕር ዳር አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ኬብል እየጠቀለልሽም ቢሆን አሳልፊው። ሒሳብ መያዝ ማወቅሽም እዚያ ይጠቅምሻል፤ ብዙ ስቱዲዮ የሚዘጋው በድምፅ ጥራት ምክንያት አይደለም።

ላፕቶፕ ልቀይር ወይ ላልሽው አትቀይሪ። ያለሽ ይበቃል፤ ገንዘቡን ለአንድ ደህና ማይክና ለክራር ክር አድርጊው።