ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ልጄ ሲወለድ አላለቀሰም»

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ነው የምጽፍልዎ። የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ ሁለት ወር ከአሥር ቀኑ። ምጡ አንድ ቀን ከሌሊት ፈጀ። ሲወለድ አላለቀሰም፣ በጭንብል አየር ሰጡት። በዚያው ሌሊት አንቀጠቀጠው፤ ዘጠኝ ቀን ተኝተን ፌኖባርቢታል የሚባል የማንቀጥቀጥ መድኃኒት ተሰጥቶን ወጣን። «አንጎሉ ኦክስጅን አጥሮት ነው» አሉኝ። አሁን ሲጠባ ትን ይለዋል፣ አውራ ጣቱን ውስጥ አድርጎ ይጨብጣል። ስልክ ላይ በማቀዝቀዝ ይድናል ሲባል ሰማሁ፤ አዲስ አበባ ልውሰደው? አማቴ እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ ትላለች። እርጉዝ ሆኜ ውኃ ስለተሸከምኩ ይሆን?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳሽ። ውኃ በመሸከምሽ አይደለም። ምጥ ሲራዘም፣ እትብት ሲጫን ወይም የእንግዴ ልጅ ቀድሞ ሲላቀቅ ለልጁ የሚደርሰው ደምና ኦክስጅን ይቀንሳል። አንዳንዴ እኛ ሐኪሞችም ምክንያቱን ለይተን መናገር ያቅተናል። ጥፋቱን አንቺ ላይ አትጫኚ።

ስለ ማቀዝቀዙ የሰማሽው እውነት ነው፣ ግን ሰዓት አለው። አንጎል ኦክስጅን ሲያጣ የመጀመሪያው ጉዳት ይደርሳል፤ ደሙ ሲመለስ ሴሎቹ ለጥቂት ሰዓት ያገገሙ ይመስላሉ፣ ከዚያ ሁለተኛው ጉዳት ይከተላል፣ ልጅሽን እንደተወለደ ሳይሆን ቆይቶ ሌሊቱን ያንቀጠቀጠውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ማቀዝቀዝ ይህን ሁለተኛውን ለመቀነስ ነው። በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፣ የሰውነቱ ሙቀት ወደ 33.5 ዲግሪ ወርዶ ለ72 ሰዓት ይቆያል፣ ሁሉም በመሣሪያ እየታየ። ሁለት ወር ለሞላው ልጅ አይሠራም። ስለዚህ ለእሱ ብለሽ ላም ሸጠሽ አዲስ አበባ አትሂጂ። በሰዓቱ አልደረስኩለትም ብለሽም አትብከኚ፦ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሕንድ፣ ከስሪላንካና ከባንግላዴሽ ሆስፒታሎች የወጣ ጥናት እዚያ የቀዘቀዙት ሕፃናት እንዲያውም የበለጠ እንደሞቱ አሳይቷል። በእርጥብ ጨርቅ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዝማ ጭራሽ አይሞከርም።

እንጥሉን በፍጹም አታስቆርጪ። ትን የሚለው እንጥሉ ወርዶ ሳይሆን ምላሱንና ጉሮሮውን የሚያዘው አንጎል ስለተጎዳ ሊሆን ይችላል። መቁረጥ ደም ያፈስሰዋል፣ ለኢንፌክሽንም ይዳርገዋል። አማትሽ ይህን ያሉት ለልጁ ሳስተው ነውና በቁጣ ሳይሆን ቡናው ላይ ቀስ ብለሽ አስረጂያቸው። ቅቤም እንዳያስውጡት፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ስታጠቢው ጭንቅላቱን ከሆዱ ከፍ አድርጊ፣ አገጩን በእጅሽ ደግፊው። ትን ሲለው ጡቱን አውጪለት፣ ትንፋሹ ሲረጋጋ መልሺለት።

ስለ እጁ። በዚህ ዕድሜ መጨበጥ ብቻውን አያስደነግጥም። ሁልጊዜ አውራ ጣቱ ውስጥ ከሆነና ስትከፍቺው ግትር ካለ ግን መታየት አለበት። ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በዚህ ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። የጭንቅላቱን ዙሪያ አስለኪ፣ ዓይኑና ጆሮው ይታይ፣ ፊዚዮቴራፒም (የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና) ይጻፍልሽ። የተጎዳውን የሚመልስ መድኃኒት የለም፣ አለ የሚልሽን ገንዘብሽን አትስጪው። ግን የሕፃን አንጎል ገና እያደገ ስለሆነ ጤነኛው ክፍል የተጎዳውን ሥራ በከፊል ሊለምድ ይችላል፣ ለዚህ ነው ዛሬ መጀመር ያለብሽ። ነጠላሽን ጠቅልለሽ ደረቱ ሥር አድርጊለት፣ ነቅቶ ሳለ በሆዱ አስተኚው፣ ፊት ለፊቱ ተንበርክከሽ በስሙ ጥሪው። ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። አንገቱን ቀና ለማድረግ ሲታገል ታዪዋለሽ።

ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት አይሆንም። ቀላል ጉዳት የነበረባቸው አብዛኞቹ ደህና ያድጋሉ። የከፋባቸው የእንቅስቃሴ ወይም የመማር ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። ያንቺ የትኛው እንደሆነ ሳላየው አልፈርድም። በአራት ወሩ አንገቱን ካልያዘ ወይም ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ፌኖባርቢታሉን በራስሽ አታቋርጪ፣ በድንገት ሲቆም ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። መጠኑ በክብደቱ ነው የሚታዘዘው፣ እየከበደ ሲሄድ መስተካከል አለበት። እንደገና ካንቀጠቀጠው፣ መጥባት ካቆመ ወይም ትንፋሹ ካስቸገረው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው። የመውጫ ወረቀቱን ከክትባት ካርዱ ጋር አጥፈሽ ያዢ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።