«ስሙን ማን ነገረህ?»

ውድ ልጆቼ፣

ስለ ሙዚቃ መጻፍ የምትወዱ ወጣቶች ስታገኙኝ ጥያቄያችሁ አንድ ነው። «መጽሔቶቹ ተዘጉ፤ ታዲያ ይሄ ሙያ አለ ወይ?» ትሉኛላችሁ። ለንደን ውስጥ በሙዚቃ መጽሔቶች ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ጸሐፊ፣ ኋላ ደግሞ አራሚ ነበርኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ብዙ ሰው «አንባቢ ስለጠፋ ተዘጉ» ይላል። እስቲ ኤንኤምኢን (ኒው ሙዚካል ኤክስፕረስን) እንይ። በ1952 ለንደን ላይ የተጀመረ ሳምንታዊ የሙዚቃ መጽሔት ነበር። በ1964፣ ቢትልሶች በነገሡበት ጊዜ፣ በየሳምንቱ ከ300 ሺህ ኮፒ በላይ ይሸጥ ነበር። በ2015 ሽያጩ ወደ 15 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር። ባለቤቶቹ በነጻ ይታደል አሉ። ባቡር ጣቢያ በር ላይ ለአላፊ አግዳሚው ይሰጥ ጀመር። ስርጭቱም እንደገና 300 ሺህ ደረሰ። ግን ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በማርች 2018፣ ሳምንታዊው ሕትመት ቆመ። ያን ሁሉ ኮፒ የሚሸከም ማስታወቂያ አልተገኘም። ማስታወቂያው ወደ ጉግልና ወደ ፌስቡክ ሄዷል።

ይቺን ያዙልኝ። ዛሬም ብዙ ሺህ ተከታይ ኖሮት የቤት ኪራይ የሚቸግረው ልጅ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላ እንጀራ ይኑራችሁ፤ በሱ ማፈር የለባችሁም። ቀን አስተምራችሁ ማታ ብትጽፉ ጽሑፋችሁ አያንስም።

ሜሎዲ ሜከር የሚባለውን ደግሞ ወጣት ሆኜ የማነበው ከኋላ ወደ ፊት ነበር። በ1926 የተጀመረ፣ በ2000 ከኤንኤምኢ ጋር ተቀላቅሎ ስሙ የቀረ ነው። የኋላ ገጾቹ በደቃቅ ፊደል የታጨቁ ነበሩ። «ድራመር ይፈለጋል»፣ «ቤዝ ተጫዋች እንፈልጋለን»። ድራመሩ ፊል ኮሊንስ ጄነሲስ የተባለው ባንድ የገባው በ1970 እዚያ የወጣ ማስታወቂያ አይቶ ነው። እነዚያ ትንንሽ መስመሮች ለመጽሔቱ ገንዘብ፣ ለሙዚቀኛው ሥራ ነበሩ። ኢንተርኔት ሲመጣ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ወሰደው።

ሌሎቹም መጽሔቶች፣ ሳውንድስ በ1991፣ ስማሽ ሂትስ በ2006፣ ኪው በኮሮናው ዓመት በ2020 ተዘጉ። ከሁሉም አንጀቴን የቆረጠው ግን የኤፍ ሩትስ መዘጋት ነው። ከ1979 እስከ 2019፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ትልልቆቹ መጽሔቶች ዞር ብለው የማያዩትን የየሀገሩን ባህላዊ ሙዚቃ፣ የአፍሪካንም ጭምር፣ በቁም ነገር ሲጽፍ የኖረ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ጀማሪ ሳለሁ ስለ አንድ ኮንሰርት ጻፍኩ። የቤዝ ተጫዋቹን ስም ከበራሪ ወረቀት ገለበጥኩት። አራሚያችን ጠጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ነበሩ። ጠሩኝ። ስሙ ሥር በቀይ እርሳስ አስምረዋል።

«ስሙን ማን ነገረህ?»

«ወረቀቱ ላይ አየሁት።»

ምንም አላሉም። የጠረጴዛውን ስልክ ወደኔ ገፋ አደረጉት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ክለቡ ጋ ደወልኩ። ከክለቡ ማናጀሩን፣ ከማናጀሩ የሰውየውን ቤት አገኘሁ። ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ናት። በራሪ ወረቀቱ ላይ የነበረው ከወር በፊት ባንዱን የለቀቀ ሰው ስም ነው። የባሏን ስም ፊደል በፊደል አስጻፈችኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና «አሥራ አንድ ዓመት ሲጫወት ስሙ ታትሞ አያውቅም» አለችኝ።

እናንተ ዛሬ ስትጽፉ እኚያ ሴትዮ አጠገባችሁ የሉም። መጽሔቶቹ ሲዘጉ የሄደብን ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል። ስለዚህ አንድ የማያዝንላችሁ ጓደኛ ፈልጉ። ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት ያንብብላችሁ፤ «ማን ነገረህ?» ይበላችሁ። እናንተም ደውሉ። ኤንኤምኢ በኖቬምበር 1952 የመጀመሪያውን የብሪታንያ የሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ ሲያወጣ የመጽሔቱ ባልደረባ ፐርሲ ዲኪንስ ያደረገው ይሄንኑ ነው። ወደ ሃያ ለሚጠጉ ሙዚቃ ቤቶች እየደወለ ምን እንደተሸጠ ጠየቀ። በቃ።

በእኛም ሸክላና ካሴት ላይ ጎልቶ የሚወጣው የዘፋኙ ስም ነው። ሳክስፎኑን የነፋው፣ ኦርጋኑን የተጫወተው ማነው ብትሉ ብዙ ጊዜ መልስ የለም። ከነሱ መካከል ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ። ሂዱና ቡና እየጠጣችሁ ጠይቋቸው። በስልካችሁ ቅዱ፣ ቀኑንም ጻፉበት። የጻፋችሁትንም ድረ ገጽ ላይ ብቻ አትተዉት። የታተመው ሜሎዲ ሜከር ዛሬም ብሪቲሽ ላይብረሪ ገብቶ ይነበባል። የድረ ገጽ ክፍያ የተቋረጠ ቀን ግን ጽሑፉ አብሮ ይጠፋል። የኔም ብዙው እንደዚያ ጠፍቷል።

የመጨረሻው መሥሪያ ቤቴ ሲዘጋ የፎቶ መሳቢያዎቹ ወደ ቆሻሻ ሊሄዱ ነበር። አንድ ካርቶን ሙሉ ይዤ ወጣሁ። ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ አራት ሙዚቀኞች የክለብ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባው ላይ በእርሳስ ሦስት ስም ተጽፏል። ለአራተኛው የተጻፈው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ትሮምፔቱን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ልጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሦስቱ ለአንዱ ደወልኩ። መልኩን ያስታውሳል፣ ስሙ ግን ጠፋበት። ሁለተኛው በርሚንግሃም እንደሚኖር ነገረኝ፤ ቁጥሩንም ሰጠኝ።