ቀዳዳውን ከመድፈናችሁ በፊት አስፉት፦ ጀልባ ጥገና ለጀመራችሁ ልጆች

ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ጀልባ መጠገን ለጀመራችሁ፣ ወይም ከመኪና ጋራዥ ወደ ጀልባ ለዞራችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። ይህ ሙያ ትምህርት ቤት የለውም። አንዱ ሌላውን እያየ ነው የሚማረው። አንዱ የለመደው ክፉ አሠራር ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሰፈሩን ያዳርሰዋል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ነገር ብቻ ላውራችሁ፤ ፋይበር ግላስ፣ ማለትም ሬዚን በሚባል ሙጫ ከደረቀ የመስታወት ክር የተሠራ፣ ጀልባ ላይ ስለሚገኝ የማይፈለግ ቀዳዳ።

ቀዳዳ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ድንጋይ ነው። እውነት ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሐይቁ ሲጎድል ጥቁሩ ድንጋይ ወደ ላይ ይቀርባል። ወደ ዘጌ የሚመላለስ ጀልባ ሁሉ ያኔ ሆዱን ይቦጫጨራል። ግን አብዛኛውን ቀዳዳ የበሳው ድንጋይ ሳይሆን ሰው ነው። የመጀመሪያው ባለቤት መሰላል ያስራል። ሁለተኛው ይነቅለውና ወንበር ይተክላል። ሦስተኛው የጥልቀት መለኪያ ገጥሞ፣ ሲበላሽ ገመዱን ቆርጦ ቀዳዳውን በሲሊኮን ይለጥፈዋል። ፓምፕ የተቀየረበት ጀልባ አሮጌው መውጫ እንዳለ ይቀራል። ገልብጣችሁ ስታዩት ወንፊት ነው። ቀለም ስለሸፈነው ብቻ ጤነኛ ይመስላል።

አሁን ወደ ስቱኮ፣ የመኪና ቦዲ ወደሚሞላበት ልስን፣ ልምጣ። ከባትላሜራ የመጣችሁ ልጆች እጃችሁ የለመደው እሱን ነው። መኪና ላይ ያምራል፣ ይላጋል፣ በአንድ ቀን ያልቃል። የመኪና ስቱኮ ግን ውስጡ የታልክ ዱቄት አለው፤ ውሃ ይጠጣል። ጥንካሬ የሚሰጥ ክርም የለውም። ውሃ ውስጥ የሚውል ቀዳዳ ላይ መድፈኛ አድርጎ መጠቀም አይገባም፤ ለእኔ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ደግሞም ችግሩ የስቱኮው ዓይነት ብቻ አይደለም። ምርጡን ኢፖክሲ፣ ከሃርድነር ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ጠንካራ ሬዚን፣ ብታመጡና በትልቅ ቀዳዳ ውስጥ ብትጠቀጥቁት ያው ነው።

ለምን? ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የጀልባው ግድግዳ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው እንበል። ቀዳዳው 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። የጠቀጠቃችሁት ነገር የሚይዘው የቀዳዳውን ዙሪያ ጠርዝ ብቻ ነው። ያ ጠርዝ ተዘርግቶ ቢለካ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጀልባ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ሆዱን ይመታዋል፤ ግድግዳው ይተነፍሳል፤ ሞተሩ ያንቀጠቅጠዋል። ግትር ውታፍ ከሚንቀሳቀስ ግድግዳ ጋር አብሮ አይሄድም። መጀመሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል፣ ከዚያ ውሃ ይገባል።

ስለዚህ ዙሪያውን ወደ ቀዳዳው እየሳሳ እንዲወርድ አድርጋችሁ በግራይንደር ሞርዱት። ልኩ 12 እጥፍ ነው፤ ለ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ተዳፋት። ለ6 ሚሊ ሜትር ግድግዳ በየአቅጣጫው 72 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ያቺ የ3 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ከ17 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ክብ ሆነች። አዲሱ ፋይበር የሚጣበቅበት ቦታ ግን ከ6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 230 ገደማ ከፍ አለ። ወደ 40 እጥፍ ነው። የጥገናው ጉልበት ያለው እዚያ ተዳፋት ላይ ነው። ከውሃ በላይ ለሆነ፣ ብዙ ኃይል ለማያርፍበት ቦታ 8 እጥፍም ይበቃል። ከውሃ በታች ግን አትሰስቱ።

ባለቤቱ በዚህ ሰዓት ከመጣ ጉድ ይፈላል። አንዱ ግራይንደሩ እየጮኸ ደረሰና ራሱን ያዘ።

«ጋሼ፣ እኔ የሰጠሁዎት የጣት ቀዳዳ ነው! እርስዎ ሰሃን አደረጉት እኮ!»

«ጣቷን ብቻ ከደፈንኩልህ፣ ቱሪስት ጭነህ መሃል ሐይቅ ላይ ነው የምታገኛት» አልኩት።

ተቆጥቶ ሄደ። እናንተም ይገጥማችኋል። ከመጀመራችሁ በፊት ምን ያህል እንደምትሞርዱ በእርሳስ አክብባችሁ አሳዩት። ዋጋውንም ያኔ ተነጋገሩ። ጠባብ ሞርዶ በርካሽ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ከእሱ ጋር በዋጋ አትወዳደሩ።

ትናንሽ የቪቴ ቀዳዳዎች ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም። አፋቸውን በትልቅ ድሪል ጫፍ ትንሽ ከፍታችሁ፣ ውስጣቸውን አጽድታችሁ፣ በሲሊካ ዱቄት የወፈረ ኢፖክሲ በስሪንጅ ከታች ወደ ላይ ሙሏቸው። ከላይ ብታፈሱት አየር ታፍኖ ይቀራል። ይህን የምለው ግን ግድግዳው ድፍን ፋይበር ሲሆን ነው። መሃሉ ላይ እንጨት ያለበት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከመሞረዱ በፊት የሚዘለል ሥራ አለ፤ ማጽዳት። ጀልባው ከፋብሪካ ሲወጣ ከቅርጹ እንዲላቀቅ ሰም ተቀብቶ ነው። ባለቤቱም እንዲያብረቀርቅለት ሰም ይቀባዋል። ሳታጸዱ ከሞረዳችሁ ሰሙን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ትጠቀጥቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ ምንም ብትቀቡ አይዝም። መጀመሪያ አሴቶን፣ ቀጥሎ ግራይንደር። ሁለት ጨርቅ ያዙ፤ አንዱ አሴቶን የነካ፣ ሌላው ደረቅ። አሴቶኑ ሳይተን በደረቁ ተከታትላችሁ ጥረጉ። በአንድ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ሰሙን ከቦታ ወደ ቦታ ነው የምታዞሩት።

ሌላው እርጥበት ነው። ጀልባው ከውሃ እንደወጣ አትጀምሩ። ሲጋራ እስኪያልቅ ደረቀ የሚል ሰው አይቻለሁ! ማታ ቦታው ላይ ጥርት ያለ ላስቲክ ዘርጉና አራቱን ጎን በፕላስተር ዝጉት። ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ ላብ ካወጣ ግድግዳው ገና ውሃ አለው። በክረምት ይህ ሥራ ፈተና ነው። ከተቻለ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሥሩት። በበጋም ቢሆን የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፤ ሬዚን ደግሞ በብርድ አይደርቅም። ጠዋት ሁለትና ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ መቀባትም ጥሩ አይደለም። ግድግዳው እየሞቀ ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር ይነፋና ሬዚኑን በአረፋ ይሞላዋል። ጥላ ሥር፣ ሙቀቱ መብረድ ሲጀምር ይሻላል።

ከኋላው ባዶ የሆነ ቀዳዳ ላይ ፋይበር እንዴት ይነጠፋል? ውስጡ የሚደረስበት ከሆነ ቀላል ነው፤ ካርቶን በላስቲክ ማሸጊያ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ከኋላ ደግፉት፤ ሬዚን እንዲህ ያለው ፕላስተር ላይ አይጣበቅም። ብዙ ጀልባ ግን ወለሉ ድፍን ስለሆነ እጅ አይገባም። ያኔ ቀጭን የፋይበር ቁራጭ አስቀድማችሁ ሥሩ። ቅርጹ ሞላላ ይሁን፤ በጎኑ ሲታጠፍ በቀዳዳው እንዲገባ፣ ሲዞር ግን እንዳይወጣ። መሃሉ ላይ ሽቦ አስሩበት። ጠርዙን ወፍራም ሬዚን ቀቡትና አስገቡት፤ ሽቦውን ወደ ውጭ ጎትታችሁ ከቀዳዳው በላይ በተጋደመ እንጨት ላይ ጠምዝዙት። ሲደርቅ ሽቦውን ቆርጣችሁ መሥራት ነው።

ስለ ሬዚን። ፖሊስተር ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ ጀልባዎቹም አብዛኞቹ የተሠሩት በእሱ ነው። ነገር ግን አዲስ ፖሊስተር ከቆየ ፖሊስተር ጋር አንድ አካል አይሆንም፤ በጭረቱ ተንጠልጥሎ ነው የሚይዘው። ኢፖክሲ በጣም ይበልጠዋል። ውድ ነው፣ በፈለጋችሁ ቀን አይገኝም፤ ቢሆንም ከውሃ በታች ለሚሠራ ጥገና እኔ ኢፖክሲ ነው የምለው። ፖሊስተር ብቻ ካላችሁ ተዳፋቱን የበለጠ አስፉ፤ በሻካራ ዲስክ፣ በ40 ወይም በ60 ቁጥር ሞርዱ።

ሬዚኑን በሚያደርቀው ሃርድነር ላይ ግን የሁለቱ ሕግ አንድ አይደለም። ፖሊስተር ላይ ለ100 ግራም ሬዚን 1 እስከ 2 ግራም ነው፤ እንደ አየሩ ሙቀት ትንሽ ከፍና ዝቅ ይደረጋል። ኢፖክሲ ላይ ጣሳው ላይ ከተጻፈው ልክ ንቅንቅ የለም። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ሃርድነር መጨመር ኢፖክሲን ለዘላለም ለስላሳ ያደርገዋል። በዓይን ግምት አትሥሩ፤ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ። ሱቅ ውስጥ የቆየ ሬዚንም አለ። ጀልባው ላይ ከመቀባታችሁ በፊት በጠርሙስ ክዳን በጥብጡና መድረቁን እዩ።

ፋይበሩን ደግሞ ከሬዚኑ ጋር አጣጥሙ። ክሩ ተበታትኖ የተጣበቀው ማት ለፖሊስተር ነው፤ ማጣበቂያው የሚሟሟው በፖሊስተሩ ውስጥ ባለው ስታይሪን ነው። ከኢፖክሲ ጋር የተሸመነውን ጨርቅ ተጠቀሙ። 450 ግራም የሚባለው ማት አንዱ ንጣፍ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ለ6 ሚሊ ሜትር ስድስት ያህል ቁረጡ። ትንሹን ቀድሞ የሚያነጥፍ አለ። እኔ ትልቁን አስቀድማለሁ። ትልቁ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር በሙሉ ስፋቱ ይጣበቃል፤ በኋላ ላዩን ስትልጉም እሱ አይቆረጥም። በአንዴ ከሁለት ወይም ከሦስት ንጣፍ አትለፉ። ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ከበዛ ይሰነጠቃል። በባልዲ የተረፈ ሬዚን ሲጨስ ካያችሁ ያው ነው፤ ቶሎ ውጭ አውጡት። ኢፖክሲ ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ ቅባት ቢጤ ያወጣል፤ በውሃ ፈትጋችሁ ሳታጥቡ ሌላ ንጣፍም ሆነ ቀለም አትጨምሩ። ፀሐይም ይጎዳዋል፤ ቀለም ሳይቀባ አይውጣ።

አሁን ቆጣ ብዬ የምናገረው አለ። ለብቻው የሚሸጥ ኮባልት፣ የፖሊስተርን መድረቅ የሚያፋጥነው፣ ካጋጠማችሁ ከሃርድነሩ ጋር በቀጥታ ፈጽሞ እንዳይገናኝ። ሊፈነዳ ይችላል። መጀመሪያ ኮባልቱን ከሬዚኑ ጋር በደንብ አዋህዱ፣ ሃርድነሩ በመጨረሻ ይግባ። ማንኪያቸውም አንድ አይሁን። የፖሊስተር ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ መነጽር ሳታደርጉ ክዳኑን አትክፈቱ። ስትሞርዱ ጥሩ ማስክ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ። ነጠላ በአፍንጫ ላይ መጠምጠም ማስክ አይደለም። የፋይበሩ ብናኝ ሲያሳክካችሁ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ።

እመለስበታለሁ ያልኩት የኋላው ግድግዳ ነው፤ ሞተሩ የሚታሰርበት። የብዙዎቹ መሃል ኮምፔርሳቶ ነው። እዚያ ላይ ያለች አንዲት የቪቴ ቀዳዳ ለዓመታት ውሃ ስታጠጣ ኖራ ሊሆን ይችላል። በመዶሻ እጀታ ዙሪያውን አንኳኩ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው ይደነቁራል። ከደነቆረ አፏን መድፈን ውሃውን ውስጥ ማፈን ነው። የበሰበሰውን አውጡ፣ የቀረውን አድርቁ፣ ከዚያ ሙሉ። ብስባሹ ሰፊ ከሆነ ለባለቤቱ እውነቱን ንገሩት፤ ሞተሩ ከእነ ግድግዳው ሊሄድ ይችላል።

ጀልባው ውሃ ላይ ሲወርድ ቶሎ አትለዩት። ውስጡን አድርቃችሁ ጥቂት ሰዓት አቆዩት፤ ከዚያ ሰው ጭኖ፣ ሞተር ተነስቶ፣ አንድ ዙር ደብረ ማርያም ደሴት ድረስ ደርሶ ይመለስ። ሲመለስ የጠገናችሁትን ቦታ በእጃችሁ ዳስሱ።

ከዚያ ያው ባለቤት በሳምንቱ አዲስ የጥልቀት መለኪያ ገዝቶ «እስቲ እዚች ጋ ብሱልኝ» ብሎ ይመጣል። አትብሱለት። ግድግዳው ድፍን ፋይበር ከሆነ ለዚህ የሚሆነው ሴንሰር ከውስጥ በኩል፣ አየር ሳይታፈን፣ በኢፖክሲ ይለጠፋል፤ ድምፁ ፋይበሩን አልፎ ይሄዳል። መሃሉ እንጨት ወይም ፎም ካለበት ግን አያልፍም። ያኔ የሴንሰሩን ማሰሪያ የሚሸከም የፕላስቲክ ሳንቃ ከኋላው ግድግዳ ላይ አንዴ አጣብቁለት፤ ወደፊት የሚገዛውን ሁሉ ሳንቃው ላይ ይቪተው።