ዳቦ ላይ የሚቀባ ጉበትና አትክልት

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ጉበት ከሽንኩርትና ከቅቤ ጋር አብስዬ እፈጫለሁ። ልጆቼ ዳቦ ላይ ቀብተው ይበሉታል፤ ምሳ ዕቃቸው ውስጥም አደርግላቸዋለሁ። ባለቤቴም ይወደዋል፤ ግን ግፊት አለበት። ካሮት፣ ምስርና ቀይ ሥር ብጨምርበት ለጤና ይሻላል? እኔ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ደም አንሶሻል ስለተባልኩ ከሁሉም በላይ የምበላው እኔ ነኝ።

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። እርስዎ እስኪወልዱ ጉበቱን ይተዉት። ጉበት ውስጥ ቫይታሚን ኤ በጣም ብዙ ነው። ሲበዛ ደግሞ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። እስካሁን በበሉት አይደናገጡ፤ በሚቀጥለው ክትትልዎ ግን ለባለሙያው ይንገሩ። የካሮቱ ነገር ሌላ ነው። ሰውነት ከካሮት ቫይታሚን ኤ የሚሠራው በሚፈልገው ልክ ስለሆነ አያስፈራም።

ለደም ማነሱ ዋናው በጤና ባለሙያ የሚታዘዘው የአይረን (የብረት ማዕድን) ኪኒን ነው። ቀይ ሥር መልኩ ደም ስለሚመስል ደም ይተካል ይባላል፤ ያለው ብረት ግን ጥቂት ነው። ምስር በብዙ ይበልጠዋል። ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት ደግሞ ብረቱ በደንብ ወደ ሰውነት ይገባል። ሻይና ቡና ይህን ስለሚከለክሉ ከምግብም ከኪኒኑም ቢያንስ 1 ሰዓት ያርቋቸው። በእኛ አገር ቡና ከምሳ በኋላ ወዲያው እንደሚፈላ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ትንሽ ይታገሱ።

ለቤተሰቡ አትክልት መጨመሩ ጥሩ ሐሳብ ነው። ሥጋ አሰር (ፋይበር) የለውም፤ ምስርና ካሮት አላቸው። ግን ያው ጉበት፣ ያው ቅቤ፣ ያው ጨው ላይ ካሮት ቢጨምሩ ያተረፉት ትንሽ ነው። አትክልቱ ቦታ መያዝ አለበት። የጉበቱን ግማሽ አውጥተው በደንብ የበሰለ ምስርና ካሮት ይተኩ። ቅቤውን ቀንሰው ትንሽ ዘይት ያድርጉ። ጣዕሙን ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ይሸከሙት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በዚያ ላይ ዳቦውም ወጡም ጨው አላቸው። ለባለቤትዎ ከካሮቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ የጨው ቅነሳ ነው። ደግሞም ጉበት ለልጆቹም ለእሱም በሳምንት ከአንድ ቀን አይለፍ፤ በሌሎቹ ቀናት ምስሩንና ሽምብራውን ብቻ ፈጭተው ይቀቡላቸው።

ምሳ ዕቃውን ግን አልወደድኩትም። አትክልት የገባበትና ጨው የቀነሰ ቅብ እርጥበት ስለሚበዛው ቶሎ ይበላሻል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ እንዲህ ያለ ምግብ ከፍሪጅ ውጪ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ የድሬን ሰኔ ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። ቤት ውስጥ ቁርስ ላይ ይብሉት። የተረፈውን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለው ፍሪዘር ውስጥ ያድርጉ። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠና ከሞቀ በኋላ መልሰው አያቀዝቅዙት፤ ይጣል። ለትምህርት ቤት ደረቅ ዳቦና ሙዝ ይበቃል።